ከዩለስ እስከ ነጩ ድንጋይ፦ በልጄ የቀናሁበት ቅዳሜ

ከንጋቱ 11፡40፣ ዩለስ

ገና አልነጋም። አፓርታማችን ደጃፍ ላይ መኪናዬን አስነስቼ ልጄን እየጠበቅኩ ነው። ከጣሪያው በላይ የማለዳ አውሮፕላኖች ጎማቸውን ዘርግተው ይወርዳሉ። አዘቦት ቢሆን ኖሮ በዚህ ሰዓት እኔም እዚያው ኤርፖርት ውስጥ፣ አንጸባራቂ ሰደርያዬን ለብሼ፣ ከአውሮፕላን ሆድ የሰው ሻንጣ እየጎተትኩ ነበር። ዛሬ ግን ፈቃድ ወስጃለሁ። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሰባት ዓመት እዚህ ቴክሳስ ኖሬም ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው ቢሉኝ አልቀበልም።

የጉዞው ምክንያት ይህ ነው። ልጄ ቤዛ ከዳላስ በስተሰሜን ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ጂኦግራፊና የመሬት ሳይንስ ትማራለች። ክፍሏ በዓመት አንድ ቀን ቤተሰብ ይዞ ለመስክ ትምህርት ይወጣል፤ ቀኑም ዛሬ ነው። ከዚህ የባሰ ጉዳይ ግን አለ። እስከ ሰኞ ድረስ ዋና የትምህርት ዘርፏን መርጣ ወረቀት ማስገባት አለባት። እናቷ ገነት ነርሲንግ ትማር ትላለች። ቤዛ ድንጋዩን ትፈልጋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤታችን በዚህ ሲታመስ ከርሞ፣ ባለፈው እሑድ ገነት «እኔ አፌን ዘግቻለሁ፤ አባትሽ ያለው ይሁን» አለች። ቤዛም ተስማማች። ስለዚህ ዛሬ ወደ ማታ ስንመለስ የልጄ ዕድል በእኔ አንዲት ቃል ተወስኖ ይሆናል።

ፍርዱ ለእኔ መሰጠቱ ተገቢ ሊመስላችሁ ይችላል። ሻንጣ ከማውረዴ በፊት ወልድያ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ገነት ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ናት። ነርሶቹ ቁጭ ብለው ሲጽፉ እሷ ሽማግሌ ታነሳለች፣ አንሶላ ትቀይራለች። ልጇ ከሚጽፉት ወገን እንድትሆን ብትመኝ አይፈረድባትም።

ቤዛ ቦርሳዋንና አንድ ትልቅ ቦት ጫማ ታቅፋ ወጣች። ገነት ከኋላዋ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጥታ፣ የእንቁላል ሳንድዊች በመስኮት አቀበለችኝ።

«ቁርጡን አስወስነሃት ና» አለችኝ።

«እሺ።»

«ልብህ ያለህን ነው የምትነግራት።»

ገነት ስለ ልቤ ስትጨነቅ ብዙ አይቼ ስለማላውቅ ትንሽ ገረመኝ። መኪናውን አንቀሳቀስኩ።

12፡25፣ ዴንተን

ነዳጅ ማደያ ቆምን። ሁለት ቡና፣ አንድ የእንቁላል ታኮ፣ ከዘጠኝ ዶላር ጥቂት ሳንቲም ተመለሰልኝ። ካሸሯ የአገራችን ልጅ ናት። ከንግግራችን ይሁን ከፊታችን አላውቅም፣ ገና በሩን ስንገፋ አወቀችን።

«ጋሼ፣ በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«የልጄ ኮሌጅ።»

«ውይ፣ ሲያስደስት! ምንድን ነው የምትማሪው?»

ቤዛ ቀልድ ሲያምራት ፊቷን ኮስተር ታደርጋለች። «ድንጋይ» አለቻት።

«ድንጋይ? ማለቴ... ድንጋይ ተምረሽ ምን ልትሆኚ?»

«እሱን ዛሬ አባዬ ይነግረኛል።»

ካሸሯ አየችኝ፤ እኔ ቡናዬን አየሁ። ልጅቷ እዚሁ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንደነበር፣ ሁለት ሥራ ይዛ ስላልቻለችው ሁለተኛውን ሴሚስተር ድሮፕ እንዳደረገች እየነገረችን ደረሰኙን ሰጠችኝ። «ብቻ አንቺ ጨርሺ፤ ድንጋይም ይሁን ምንም ይሁን» ብላ ሸኘችን።

መንገዱ ሲነጋ ቤዛ መስኮቱን ከፍታ ውጭ ውጭ ታይ ጀመር። «እዚህ ጋ ዛፍ ለምን እንደበዛ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ከሥር ያለው አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ሥሩ ይገባለታል። ትንሽ ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ግን መሬቱ ጥቁር ይሆናል፣ ዛፉ ያልቅና ሣር ብቻ ነው። ጠብቅ፣ አሁን ታየዋለህ።» እውነትም ሃያ ደቂቃ ሳንነዳ ዛፉ አለቀ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌአለሁ፤ የኤግዚት ቁጥር፣ የፖሊስ መኪናና የሃምበርገር ምልክት እንጂ መሬቱን አይቼው አላውቅም። እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪው! ደስ ሊለኝ ሲገባ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት። ዜና ላዳምጥ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

1፡30፣ ኮሌጁ

ኮሌጁ ይህን ያህል ትንሽ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ጥቂት የቀይ ሸክላ ሕንፃዎች፣ ያረጁ የኦክ ዛፎች፣ የታጨደ ሣር፣ ከአንድ ጫፍ ሌላው ጫፍ የሚታይ ግቢ። ቤዛ ያገኘችው ሰው ሁሉ በስሟ ይጠራታል። የጽዳት ሠራተኛው ሳይቀር «ቤዛ፣ እናትሽ ደህና ናት?» አላት። ክፍላቸው ዘጠኝ ተማሪ ነው። ዘጠኝ! እኔ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ሁለት ነበሩኝ፤ የኋለኞቹን መልካቸውን የማውቀው ፈተና ሲመጣ ነበር።

የድንጋይ ክፍሉን አሳየችኝ። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ነው፤ እያንዳንዱ መሳቢያ ውስጥ ድንጋዮች በጥጥ ላይ ተኝተዋል፣ ከሥራቸው ስማቸውና የተገኙበት ቦታ ተጽፏል። አንዱን ጎተትኩ፤ ባዛልት። ሌላውን ጎተትኩ፤ ግራናይት፣ ሮዝ፣ ግራጫ፣ ነጭ። እነዚህን ሁሉ በቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥዬአቸዋለሁ። ባዛልት በሰማያዊ ነበር የምሥለው፣ ጥቁር ጠመኔ ስለማይሸጥ። ተማሪዎቼ ባዛልት ሰማያዊ ነው ብለው አምነው ያደጉ ሳይሆን አይቀሩም። ልጄ ደግሞ በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ሁሉንም በእጇ ታነሳለች፣ ትመዝናለች፣ ታሸታለች፣ አንዷን እንዲያውም በምላሷ ነካ አደረገቻት።

ቀናሁ። ሌላ ስም ፈልጌለት አጣሁ። በገዛ ልጄ ቀናሁ።

መምህርቷ ዶክተር ሊንዳ መጣች። ስልሳውን ያለፈች፣ ባርኔጣ ያደረገች፣ እጇ የገበሬ እጅ የሆነ ሴት ናት። እንግሊዝኛ አንቱም አንተም የለውም፤ እኔ ግን አንቱ እንዳለችኝ አድርጌ ነው የሰማኋት። «ቤዛ አስተማሪ እንደነበሩ ነግራኛለች» አለችና ከአንድ መሳቢያ ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችው። ወረቀቱ ላይ «ኢትዮጵያ፣ ኤርታሌ» ይላል። እሷው ራሷ ሄዳ ያመጣችው ነው። ሌሊቱን አፋፉ ላይ ተኝታ፣ ቀይ ቅልጥ አለት ከሥሯ ሲፈላ እንዳደረች ነገረችኝ።

«እርስዎ መቼም ስንት ጊዜ ሄደዋል!» አለችኝ።

አልሄድኩም። ወልድያ ሆኜ ስለ ኤርታሌ አስራ አንድ ዓመት አስተማርኩ፤ ተማሪ ይዤ ልሂድ ብዬ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሁለቱም ጊዜ በጀት የለም ተባልኩ። ይህን ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ከቴክሳስ የሄደች ሴት ያየችውን አላየሁም ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

«አዎ፣ ሁለት ጊዜ» አልኩ።

ቤዛ ቀና ብላ አየችኝ። አለመሄዴን ታውቃለች፤ ታሪኩን ሺህ ጊዜ ሰምታለች። መሳቢያውን ገፍታ ዘጋችው።

3፡45፣ ጅረቱ

የኮሌጁ ቫን ከፊት፣ የወላጆች መኪና ከኋላ ሆኖ ወደ ደቡብ ተጓዝን። ከአንድ ድልድይ ሥር ፓርክ አድርገን ወደ ጅረቱ ወረድን። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ግራና ቀኙ ግን ነጭ ገደል ነው፣ ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ፣ ንብርብር ንብርብር ያለ። ጠጋ ብዬ በጥፍሬ ፋቅኩት። ጣቴ ነጭ ሆነ። ጠመኔ ነው። ገደሉ በሙሉ ጠመኔ ነው! አስራ አንድ ዓመት ጠመኔ ስተነፍስ ኖሬ ጠመኔ ከመሬት ምን መስሎ እንደሚወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ቤዛ ድሮ እዚህ ባሕር እንደነበረና ይህ ሁሉ በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት መሆኑን ለአንዲት የተማሪ እናት ስታስረዳ እሰማለሁ። እጇን እያወናጨፈች ነው የምታስረዳው፣ ልክ እንደ እኔ። እሱም አናደደኝ።

ገደሉ አንድ ቦታ ተሰንጥቆ ንብርብሩ ዘንበል ብሏል። ዶክተር ሊንዳ እዚያ ሰበሰበችንና «የንብርብር ዲፕ ምንድን ነው?» ብላ ተማሪዎቹን ጠየቀች። ተማሪዎቹ እግራቸውን ውሃ ውስጥ እያንቦጫረቁ ተያዩ።

እኔ መለስኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ወልድያ ሰባ ሁለት ልጅ በአንድ ድምፅ እንዲደግመው ያደረግሁትን ትርጉም ከነነጠላ ሰረዙ በእንግሊዝኛ አነበነብኩት። የንብርብሩ ገጽ ከአግድም ወለል ጋር የሚፈጥረው ማዕዘን፣ ከስትራይኩ፣ ማለትም ንብርብሩ አግድም ከሚዘረጋበት መስመር ጋር፣ በቀጤ ነክ አቅጣጫ የሚለካ። አንዲት ወላጅ አጨበጨበች። ቤዛ ሳቀች፤ ደስ ብሏታል። ለአንድ አፍታ አስተማሪው እኔ ነበርኩ።

ዶክተር ሊንዳ ፊቷ በራ። «ከዚህ የተሻለ ትርጉም ሰምቼ አላውቅም» አለችና ኮምፓሷን ከቀበቶዋ ፈትታ ዘረጋችልኝ። «እስቲ ኤርታሌ የወጡት ባልደረባዬ ለክተው ያሳዩአችሁ።»

ኮምፓሱ ከባድ ነው። ክዳኑ ውስጥ መስታወት አለው፣ መሐሉ ላይ የአየር አረፋ ያለባቸው ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች፣ ከጀርባው አንዲት ትንሽ መዘውር። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ ሥዕል ላይ እንጂ ይዤ አላውቅም። ዲፕ ምን እንደሆነ የማያውቅ ተማሪ አሳልፌ አላውቅም፤ ዲፕ ለክቼ ግን አላውቅም። ክዳኑን ከፈትኩ። አለቱ ላይ እንደ ሳህን ዘርግቼ አስቀመጥኩት። መርፌዋ ተወዛወዘች። ዘጠኝ ተማሪ፣ ስድስት ወላጅና አንድ ውሻ እየጠበቁኝ ነው።

«አባዬ መነጽሩን መኪና ውስጥ ረስቶታል» አለች ቤዛ። ጎንበስ ብላ ከእጄ ወሰደችው። ኮምፓሱን በጠርዙ አቆመችው፣ አለቱ ላይ አስጠጋችው፣ መዘውሯን በጣቷ ዞር ዞር አድርጋ አረፋው መሐል ሲገባ አነበበች። «ዘጠኝ ዲግሪ።» እስትንፋስ ያህል ጊዜ ነው የፈጀባት።

አዳነችኝ። ላመሰግናት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ያቺን ልጅ፣ የራሴን ልጅ፣ ለማየት እንኳን አስጠላችኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ የሆነው ግን ይኸው ነው። እኔ በአፌ የማውቀውን እሷ በእጇ ታውቀዋለች። ማንም ያልሰጠኝን ለእሷ ዘጠኝ ተማሪ ባለበት ክፍል ሰጧት።

6፡40፣ መኪና ውስጥ

የመስክ ትምህርቱ አልቆ ሌሎቹ ወደ ኮሌጁ ተመለሱ። ቤዛ እሑድን ከእኛ ጋር ስለምትውል ወደ ዋይሊ ነዳሁ፤ እዚያ የሚኖረው የገነት ወንድም ደረጀ ምሳ ጠርቶናል። ቤዛ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቀለች። ፀሐይ ፊቷን አቅልቶታል።

«ሶ፣ አባዬ» አለች። «ንገረኛ። ምን ላድርግ?»

መንገዱን እያየሁ ነበር የመለስኩላት። ድምፄ የአባት ድምፅ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ የታሰበበት። ድንጋይ ጥሩ ነው፣ ግን እንጀራ አይሆንም አልኳት። እኔን አይተሽ ተማሪ አልኳት። እናትሽ ወገቧን እየታመመች እዚህ ያደረሰችሽ እንድታርፊ ነው አልኳት። ነርሲንግ የትም ብትሄጂ ሥራ አለው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ያልኩበት ምክንያት ብቻ ነው ውሸት የነበረው፤ እኔ ያላገኘሁትን እሷም አታግኘው ነበር ምክንያቱ።

እግሯን ከዳሽቦርዱ አወረደች።

«ኦኬ» አለች በመጨረሻ።

«ተስማማሽ?»

«አንተ ያልከውን አደርጋለሁ ብያለሁ እኮ። ለዶክተር ሊንዳ አሁኑኑ ኢሜይል ላድርግላት፤ ሰኞ ድረስ ከጠበቅኩ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ለሰመር የያዘችልኝን ቦታም ለሌላ ልጅ ትስጠው።»

ዶክተር ሊንዳ በየሰመሩ ሦስት ተማሪ መርጣ ወደ ምዕራብ ቴክሳስ ተራሮች ካርታ ለመሥራት ትወስዳለች። አንዷ ቤዛ ነበረች። ስልኳን አውጥታ ጻፈች። ስትልከው የወጣችው ትንሽ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ አጋድማ ዓይኗን ጨፈነች። እንቅልፍ አልነበረም፤ ጉንጯ ላይ እንባ ነበር።

ካሸነፉ በኋላ የሚመጣ ደስታ አለ አይደል? ጠበቅኩት። አልመጣም።

7፡30፣ ዋይሊ

ዋይሊ አዲስ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ዛፎቹ ገና በእንጨት ተደግፈው የቆሙ። ደረጀ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ይህን ቤት ከገዛ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የመጣ እንግዳን ሁሉ ጋራዡን ሳያስጎበኝ አይለቅም። እኔን ከወልድያ ጀምሮ «ቲቸር» ነው የሚለኝ።

«ቲቸር! ግባ፣ ግባ። በሩን ግን ገፋ አድርገው፣ አይዘጋም።»

ጥብስ ቀረበ፣ ጎመን፣ አይብ። ከሶፋው በላይ የእሱና የባለቤቱ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል። ባለፈው ከነበረበት ወደ ግራ ሄዷል። ከፎቶው ጥግ አንድ ስንጥቅ ወጥቶ ግድግዳውን ይዞ እስከ ጣሪያው ይዘልቃል።

«አያችሁልኝ?» አለ ደረጀ። «ፎቶውን ባዛወርኩ ቁጥር እየተከተለኝ ነው! የሠሩት ሰዎች አጭበርብረውኛል። ሎየር ላናግር ነው።»

ቤዛ ጉርሻዋን ዋጥ አድርጋ ስንጥቁን በጣቷ ተከተለችው። በሩን ከፍታ ዘጋችው። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልናት። የቤቱ ሲሚንቶ ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተንበርክካ እጇን ሰደደች። አፈሩ ከሲሚንቶው ተለይቶ ሸሽቷል፤ እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ ገባ።

«አጎቴ፣ ማንም አላጭበረበረህም» አለችው። «ክሌይ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። በጋውን ሙሉ አልዘነበም፤ አፈሩ ሸሸ፣ ቤቱ በአንድ በኩል ወረደ። ቤቱን ውሃ አጠጣው።»

«ቤት ውሃ አጠጣ?»

«የምሬን ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የውሃ ጎማ፣ ሆዙን፣ ቤቱን ዙሪያውን አስተኛውና በሳምንት ሁለት ሦስቴ ቀስ ብሎ እንዲያንጠባጥብ አድርግ። ጎረቤቶችህ ሆዛቸውን ለአበባ የዘረጉት መስሎህ ነው?»

ደረጀ አጥር ላይ ተንጠላጥሎ የጎረቤቱን ግቢ አየ። እውነትም ጥቁር ሆዝ የቤቱን እግር ተከትሎ ተኝቷል።

«መረሬ» አልኩ እኔ፣ ለራሴ።

«ምን?» አለች ቤዛ።

«መረሬ አፈር። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል።»

ይህን ነገር አስተምሬዋለሁ። በየዓመቱ ፈተና ላይ አስገባው ነበር። ወልድያ ዙሪያ በበጋ እግር የሚውጠውን ስንጥቅ እያየሁ አድጌአለሁ። እዚህ ቤት ደግሞ አስር ጊዜ መጥቼ፣ በልቼ፣ ያቺን ስንጥቅ አይቼ፣ «ደረጀ ተሞኘ» ብዬ በሆዴ ስቄ ሄጃለሁ። አንድ ቀን እንኳን ጎንበስ ብዬ አፈሩን አልነካሁም።

ደረጀም አላለፈኝም። «ቲቸር፣ አንተ ጂኦግራፊ አስተማሪ አልነበርክም እንዴ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትነግረኝ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወደ ቤዛ ዞሮ «አንቺ ጎበዝ! ለመሆኑ ምን ልትሆኚ ነው?» አላት።

ቤዛ ከጉልበቷ ላይ ጥቁሩን አፈር አራገፈች።

«ነርስ» አለችው።

አባባሏ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። ቅሬታ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ደረጀ «ጥሩ ነው፣ ነርስም ጥሩ ነው» እያለ ቧንቧውን ሊፈልግ ሄደ፤ እኔ እዚያው ጓሮው መሐል ቆሜ ቀረሁ።

10፡15፣ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ

ከዋይሊ ወጥተን ሩቅ አልሄድኩም። የመጀመሪያው ሰፊ ፓርኪንግ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ።

«ምነው?» አለች።

«ቅድም የነገርኩሽን ነገር እርሺው።»

«የትኛውን?»

«ነርሲንጉን። ያልኩሽ ላንቺ አስቤ አይደለም። ቀንቼብሽ ነው።»

ያልገባት መሰለኝ። ደገምኩላት። መሳቢያዎቹ ፊት እንደቀናሁ፣ ኮምፓሱን ስትይዘው እንደቀናሁ፣ እንባዋን አይቼ እንኳን ዝም እንዳልኩ። መሪውን ይዤ ነው የነገርኳት፤ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

«ሶ እኔ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዕድሜ ልኬን ነርስ የምሆነው አንተ ጄለስ ስለሆንክ ነበር?»

«አዎ።»

«አባዬ! ይሄ እኮ... ይሄ እኮ ልክ አይደለም!» በሩን ከፍታ ወጣች። የገበያ ጋሪዎቹ እስከተደረደሩበት ድረስ ሄደች፤ አንዱን ጋሪ በእግሯ መታችው፤ ተመለሰች። ልጄ ስትቆጣ እናቷን ነው የምትመስለው። በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«ደውልላት።»

«ለማን?»

«ለዶክተር ሊንዳ። ኢሜይሉ ስህተት ነው በላት። የኤርታሌውንም ንገራት። ሁሉንም። እኔ ድጋሚ ላንተ አልዋሽም።»

ደወልኩ። ቤዛ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ከዓመታት ወዲህ በእንግሊዝኛ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ኤርታሌን አይቼው እንደማላውቅ ነገርኳት። ኮምፓስ ይዤ እንደማላውቅ ነገርኳት። ልጄን ነርስ ሁኚ ያልኳት በቅናት መሆኑንም ነገርኳት።

«ኮምፓሱን ሲይዙት አውቄ ነበር» አለችኝ ዶክተር ሊንዳ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ልጅዎ መነጽር ረስቷል አለችኝ። መነጽርዎ የሸሚዝዎ ኪስ ላይ ነበር። አባቷን እንደዚያ የምትሸፍን ልጅ ፊት ምን እላለሁ?» ከዚያ ስለ ኢሜይሉ ነገረችን። ቅዳሜና እሑድ ኢሜይል አትከፍትም። ሰኞ ስትከፍት ከቤዛ ሁለት ደብዳቤ ካገኘች ሁለተኛውን ብቻ እንደምታነብ ነገረችን።

ቤዛ ስልኩን ዘግታ ወዲያው መጻፍ ጀመረች። ይቅር አለችኝ ማለት አልችልም። እስከ ዩለስ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች።

ከቀኑ 11፡35፣ ዩለስ

ገነት ከሥራ ገብታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ቤዛ እናቷን ስማ ቀጥታ ወደ ክፍሏ ሄደች።

«እህስ?» አለች ገነት። «ቁርጡ ታወቀ?»

«ታውቋል።»

«ምን?»

«ድንጋይ።»

ገነት እግሯን ውሃው ውስጥ ማንቀሳቀሷን አቆመች። «ማን አለ? አንተ?»

«እኔ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። የተቆጣች ግን አትመስልም፤ ግራ የገባት ነው የምትመስለው።

«እኔ እኮ ላንተ የተውኩት ትቀናለህ ብዬ ነው» አለችኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ምን አልሽ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት አብሬህ ኖሬ! መጽሐፏን ስትገልጥ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን የማላይ መሰለህ? አንድ ቀን አብሯት ቢውል አይችልም፤ ራሱ ተይው ይላታል ብዬ ነው የላኩህ።»

ልቆጣ ፈለግሁ፤ መቆጣት ግን አልሆነልኝም። «ብያት ነበር» አልኩ።

«እንዴ! ታዲያስ?»

«መልሼ አነሳሁት።»

«ቅናቱ ለቀቀህ ማለት ነው?»

«የት ይለቃል! አሁንም እየቀናሁ ነው።»

«እና?»

«እና ትማር።»